የመጽሐፍን ስም ስለ መተርጐም

የሌላውን ሰው መጽሐፍ ወደ ገዛ ቋንቋው የሚመልስ ተርጓሚ ስሙን የመለወጥ መብት አለውን? ስም አደራ ነውና መልሱ በችኮላ የሚሰጥ አይደለም።

አሜሪካዊቱ ደራሲ ማርጋሬት ሚቸል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ያሳተመችውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ልብ ወለድ እንመልከት። ስሙ ከእንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ከኧርነስት ዳውሰን ግጥም የተቀዳ ሲሆን፣ በጥሬው ከነፋስ ጋር መሄድን ያመለክታል። የሄደው ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ግሥ ይህን ዝምታ አይፈቅድም፤ «የሄደ»፣ «የሄደች» ወይም «የሄዱ» ማለት ግድ ነው።

የሰዋስውስ ነገር ይሁን። የባሰው ችግር ያለው በነፋሱ ላይ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ በጆርጂያ ግዛት ነው፤ ነፋሱም የባሪያ አሳዳሪዎቹን ኑሮ ጠርጎ የወሰደው ጦርነት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ለቅሶ አለበት። በአውድማ አጠገብ ላደገ ሰው ግን ነፋስ የሚወስደው ገለባውን ነው፤ ፍሬው ይቀራል፤ ገበሬውም መንሹን ይዞ የሚጠብቀው ይህንኑ ነፋስ ነው። እንግዲህ «ነፋስ የወሰደው» ብሎ የሚተረጕም ሰው ሳያስበው ለቅሶውን ወደ ፍርድ ይለውጠዋል። ያ ኑሮ በእርግጥ ገለባ ነበር የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም፤ ነገር ግን ይህ የደራሲዋ ቃል አይደለም።

ነቢይ መኰንን ይህን መጽሐፍ የተረጐመው በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ያወጣለትም ስም «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚል ነው። ይህ ስም ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ባለ ታሪኳ ስካርሌት በመጨረሻ የምትናገረው ቃል ነው፤ ሚቸልም ራሷ አስቀድማ ለመጽሐፏ አስባው ነበር። ተርጓሚው ከባለቤቲቱ ጎተራ ወስዶ ለባለቤቲቱ ስለ ሰጠ፣ እንደ እኔ አስተያየት አደራውን አልበላም።

ዳሩ ግን ነገሩ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የእንግሊዝኛው ስም ወደ ኋላ ያያል፤ የአማርኛው ወደ ፊት። ከዚህም በላይ በስካርሌት አፍ ላይ «ነገ» ተስፋ ብቻ አይደለም፤ የዛሬን ጭንቀት ላለማሰብ ቀጠሮ መስጠትም አለበት፤ ይህንንም የሚረዳው መጽሐፉን የፈጸመ ብቻ ነው። ደራሲዋ እስከ መጨረሻው ያቆየችውን ቃል፣ የእኛ አንባቢ ገና ሽፋኑን ሳይገልጥ ያገኘዋል።