ጣዕምና እጦት

የሕንድ ምግብ ለኢትዮጵያዊ አንደበት እንግዳ ሆኖ የማይሰማው ስለምንድን ነው? ጥያቄው ከላይ ሲያዩት የሆድ ጥያቄ ይመስላል። ይሁንና ምግብ የአንድን ኅብረተሰብ እምነት፣ የሥራ ክፍፍልና የኑሮ ደረጃ በግልጽ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች በነበሩት ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ሕንዳውያን ብዙዎች ነበሩ። እነዚህ መምህራን ያገራቸውን ወጥ ለመሥራት ብዙ መቸገር አላስፈለጋቸውም። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና አዝሙዱ ሁሉ ከጉሊት ይገኝ ነበር። ከደጃፋቸው የሚወጣው የቁሌት ሽታ የጎረቤትን ሴት «ምን ይሆን የሚሠራው?» ሳይሆን «ምን ጎደለው?» የሚያሰኝ ዓይነት ነበር። የሽምብራ ዱቄት በእርጎ የሚያንተከትክ ሕንዳዊ ሽሮ ከሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሚለየው በጥቂት ነገር ነው። የደቡብ ሕንድ ሰው ሩዝና ጥራጥሬ ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ አቡክቶና አሳድሮ በጋለ ብረት ላይ የሚጋግረው ዶሳ፣ እርሾ ተጥሎበት በምጣድ ከሚሰፋው እንጀራ ጋር በብልሃት ወንድማማች ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ቅቤያቸውን ያነጥራሉ፤ ሁለቱም በቀኝ እጅ ይቆርሳሉ።

ይህን ዝምድና በጥንታዊ ግንኙነት ብቻ ለማስረዳት የሚሞክሩ አሉ። በእርግጥ የአዱሊስ ወደብ ከሕንድ ጋር ይነግድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ግን መመሳሰል ሁሉ መወራረስ አይደለም። በኤሎራ ያለው የካይላሳ ቤተ መቅደስ በ8ኛው ምዕተ ዓመት ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም እንደዚሁ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሏል። ይህ ብቻውን ግን የላስታን ጠራቢ የሕንድ ጠራቢ ደቀ መዝሙር አያደርገውም።

በርበሬ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ዛሬ ቀይ ወጥን ቀይ የሚያደርገው ተክል የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ሕንድ የገባው በ16ኛው ምዕተ ዓመት በፖርቱጋል መርከቦች ሲሆን፣ ወደኛም የመጣው ከዚያው ዘመን ወዲህ ነው። እንግዲህ በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የላስታን አለት የጠረቡት እጆች በርበሬ የገባበት ወጥ አጥቅሰው አያውቁም። ሕንዱም ሐበሻውም «የአባቶቻችን ጣዕም» እያለ የሚምልበት ቃጠሎ ለሁለቱም እኩል እንግዳ ነበር። የእንግድነቱን ዘመን ረስቶ ባለቤት እስኪሆን ያበቃው የሴቶች እጅ ነው፤ ደልዘው፣ አሽተው፣ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ወቅጠው ያገር ልጅ አደረጉት። ባህል የሚገኘው በመነሻው ሳይሆን በዚህ ድካም ውስጥ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሕንዳዊ ሁሉ ሥጋ አይበላም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ከሕንድ ሕዝብ አብዛኛው አልፎ አልፎም ቢሆን ይበላል። የዚያ አገር ምግብ በዓለም የታወቀበት ትልቁ ጥበብ ግን ሥጋ የሌለበትን ማዕድ ክብር መስጠቱ ነው። ይህ ክብር ለላስታ ሰው ይገባዋል። ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን በሚጾምበት፣ ካህኑ ደግሞ ከዚያ በሚልቅበት አገር፣ ምስርና ሽሮ የሥጋ ምትክ ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ምግቦች ናቸው። በዚህ ላይ የወሎ ልዩ ሁኔታ ይጨመራል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጋብቻ በተሳሰሩበት በዚህ አገር ሠርግ ሲደገስ ሁለት ከብት ይታረዳል፤ አንዱ በክርስቲያን፣ አንዱ በሙስሊም እጅ። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ ይባላል፤ የክርስቲያን ምስር፣ የእስላም ምስር ሲባል ግን ተሰምቶ አይታወቅም።

ይሁን እንጂ የጥራጥሬን ማዕድ እንደ ንጹሕ ሰላም አድርጎ ማቅረብ ራስን ማታለል ነው። በሕንድ ምግብ ለዘመናት የዘር መደብ አጥር ሆኖ አገልግሏል። ማን ለማን እንደሚያበስል፣ ማን ከማን ጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዳ የሚወስነው ይኸው «ንጽሕና» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት ሰውን የማይነካ ርኩስ አድርጎ መቁጠርን ቢያግድም ልማዱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ኢትዮጵያዊው ይህን ሰምቶ ራሱን ቢነቀንቅ፣ ወደገዛ ጓዳው ዘወር ብሎ ማየት ይኖርበታል። ወጡ የሚሠራበትን ድስት፣ እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችው ሸክላ ሠሪ በሰሜን ኢትዮጵያ ስንት ዘመን «ቡዳ» ተብላ ከማዕድ ርቃ ኖራለች? ምስሩ የማንንም ሃይማኖት ባይጠይቅም፣ በላተኛው ግን ከሠሪዋ ጋር መቅረብን ይጠየፍ ነበር።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ደግሞ ይከተላል። ሥጋን መተው በጎ ምግባር የሚሆነው ሥጋ ላለው ሰው ነው። በምርጫ የሚጾምና በእጦት የሚጾም አንድ ዓይነት ሳህን ፊት ቢቀመጡም አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ይህን ልዩነት በጥብቅ ካጠኑት አንዱ ቤንጋላዊው አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የቤንጋልን ረሃብ ገና በልጅነቱ ያየው ይህ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የቤንጋልን ረሃብ ከወሎው የ1965/66 ዓ.ም. ረሃብ ጎን ለጎን መረመረ። በወሎ ሰው እየረገፈ ሳለ እህል ከክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበር፣ በደሴ ገበያም ዋጋው ያን ያህል እንዳልናረ አሳየ። ገበሬው ምርቱንም ከብቱንም አጥቶ የመግዣ አቅም ስላልነበረው ዋጋውን የሚያስወድድ ፈላጊ ጠፋ። ሰው የሞተው እህል በመንገድ ሲያልፍበት ነው። ከዓሥር ዓመት በኋላ በ77ቱ ረሃብ ወሎ ዳግመኛ ሲመታ፣ ድርቁና ጦርነቱ ተደራርበው ሁኔታውን አከፉት።

ሁለቱን አገሮች በእጦት የሚያዛምዳቸው አንድ ጥራጥሬም አለ፤ ጓያ። ሕንዶች ኬሳሪ ይሉታል። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው ሲከስም ጓያ ቆሞ ይቀራል፤ ዋናው ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ ደግሞ ጉልበትን ይይዛል፣ እግርን ያሽመደምዳል። በሕንድ ሽያጩ በብዙ ክፍላተ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ታገደ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ከላስታ በስተደቡብ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው፣ በተለይም ወጣት፣ በዚሁ በሽታ በምርኩዝ ቀረ። ሕግ ጓያን ሊከለክል ይችላል፤ በጓያ ፈንታ ምን እንደሚበላ ግን አይነግርም።

ጓያ በሚበላበት አገር ያሉ እናቶች ዘዴውን ያውቁታል። ጓያውን ዘፍዝፈው ውኃውን ይደፋሉ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋር ያደባልቁታል፤ ጉዳቱ በዚህ ይቀንሳል። ዘፍዝፎ ለመድፋት ግን ውኃ፣ ለማደባለቅም ገብስ ያስፈልጋል። በላስታ ተራራ በበጋ ውኃ የሚወጣው ከሸለቆ ሥር፣ በሴት ጀርባ ነው።