የሃምሳው ሎሚ በአንድ ራስ ላይ

ልጆቼ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል እየሰማችሁ አድጋችኋል። አባቶች ይህን ያሉት ስለ መረዳዳት ነበር። በስልካችሁ ውስጥ ግን ተረቱ ተገልብጦ አየዋለሁ። አንድ ሰው ከግሩፑ ሐሳብ ወጣ ያለ ነገር ሲጽፍ ሃምሳው ተራ በተራ እየመጣ አንዳንድ ሎሚ ይወረውርበታል። አንዱ «ባንዳ» ይለዋል፣ ሌላው «ተላላኪ»፣ ሦስተኛው ስቆ ሼር ያደርገዋል። ለወርዋሪው አንዲት ሎሚ ናት፤ እንቅልፍ አትነሳውም። ለተወረወረበት ግን ሃምሳውም ያረፈው በአንድ ራሱ ላይ ነው። በኅብረት የበደለ ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ የሚቸገረውም ድርሻው እጅግ ትንሽ ስለሚመስለው ነው።

ሎሚው ድንጋይ የሚሆንበት ቀንም አለ። በ2014 መጀመሪያ በባሕር ዳር አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተሰራጭቶ ነበር። አባቴ የተወነጀሉት በትግራይ ተወላጅነታቸው ነው የሚለው ልጃቸው፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ብለምንም ሰሚ አጣሁ ሲል በ2015 የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ከዚያ በፊት በ2012 የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጅ ግን ከእያንዳንዱ ኮመንት ሥር ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ሙግት ተዉ አልላችሁም፤ እኛ መቼ ሙግት ጠልተን እናውቃለን? በበላ ልበልሃው ዘመን እንኳ ከሳሽ ሲናገር ተከሳሽ ይሰማ፣ የተከሳሹ ተራ ሲደርስ ከሳሽ ደግሞ ጆሮውን ይሰጥ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ቆርጠው የላኩላችሁን ስክሪንሾት ይዛችሁ አትሩጡ፤ ሰውየው የጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከሃምሳው ተለይቶ መናገር ግን ከባድ ነው። ሰሎሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በአሜሪካ፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰዎችን ሰብስቦ የትኛው መስመር ከየትኛው እኩል እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ከአንዱ በቀር ሌሎቹ አስቀድሞ የመከራቸው ነበሩ፤ ሆን ብለው በአንድ ድምፅ ይሳሳታሉ። ያ አንዱ፣ እውነቱ ዓይኑ ሥር ተሰምሮ ሳለ፣ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል አብሯቸው ተሳሳተ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ግን ድፍረት አገኘ፤ መከተሉን በእጅጉ ቀነሰ።

ስለዚህ ከተሳዳቢው ይልቅ የማዝነው በእናንተ ነው፤ በኢንቦክስ «እውነትህን ነው» ብላችሁ በአደባባይ ዝም በምትሉት። በስውር የጻፋችሁለትን እዚያው ሰው ሁሉ በሚያየው ጻፉለት። ባትስማሙም «ይናገር፣ እንስማው» ማለት አያቅታችሁም። አድሚን የሆናችሁም፣ ሰው ከማስወጣታችሁ በፊት መልሱን የሚጽፍበት አንድ ቀን ስጡት።