ፍጥረታት በማኅበር ይኖራሉን?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው ጎዳና፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ከሚያውቃት ከማንኩሳ ብዙም ሳንርቅ፣ የአባታቸውን መሬት የተካፈሉ ሁለት ወንድማማቾች ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሾላ ምክንያት ተጣልተው አገኘናቸው። ሾላው የቆመው በድንበሩ ላይ፣ ወደ ታናሹ ድርሻ አዘንብሎ ነው። ታናሹ ይቆረጥ ይላል፤ ጥላው በቆሎውንና በርበሬውን ያቀጭጭበታል፣ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ብዙ ናቸው። ታላቁ ደግሞ አባታችን ያልቆረጠውን እኛ አንቆርጥም ባይ ነው። በእንግድነት ብንገኝም «አባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» ተባልን።

እኛም ፍጥረት ሁሉ እንደ አንድ አካል መሆኑን፣ ሾላውም፣ ወፉም፣ ንቡም የዚያ አካል ብልቶች መሆናቸውን፣ አንዱ ብልት ሲቆረጥ ሌላው እንደሚታመም ተናገርን። ንግግራችን ለራሳችን ያማረ መሰለን። ታናሹ ግን ከማሳው ማዶ በእጁ እያመለከተ «አባ፣ ያ ጭብሃ አንቆ የገደለው ዋንዛስ የማን ብልት ነበር?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ጥያቄው ሊቃውንትንም የከፈለ መሆኑን የተረዳነው ወደ መጻሕፍት ከተመለስን በኋላ ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሬደሪክ ክሌመንትስ በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዕፅዋት ማኅበር እንደ አንድ ሕያው አካል ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይጎለምሳል ሲል አስተማረ። የአገሩ ልጅ ሄንሪ ግሊሰን በ1926 ይህን ተቃወመ። እንደ እርሱ አባባል እያንዳንዱ የዕፅዋት ዓይነት ዘሩ በደረሰበት፣ አፈሩና አየሩ በተስማማው ስፍራ በየራሱ ይበቅላል። በእኛ አገር ምሳሌ ብንናገር፣ ማኅበር የምንለው በቅዳሜ ገበያ የተገናኙ መንገደኞችን ይመስላል ማለት ነው። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች በአብዛኛው ወደ ግሊሰን አዘነበሉ፤ ይሁንና ፍጥረታት እርስ በርስ መያያዛቸውን አልካዱም። ለካ እኛ በዚያ ቀን የሰበክነው ክሌመንትስን ኖሯል!

እስቲ ሾላውን ራሱን እንመልከት። ሾላ ሳያብብ የሚያፈራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን አበባው በፍሬው ውስጥ መሰወሩ ነው። ይህን አበባ የምታዳቅለው አንዲት ደቃቅ ተርብ ናት። በጠባቧ ቀዳዳ ተጨናንቃ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል፤ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ ታራግፋለች፣ በከፊሎቹ አበቦች ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያውም ትሞታለች። ከልጆቿ ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ ለሴቶቹ መውጫ ቦርቡረው ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ሴቶቹ ብናኙን ተሸክመው ሌላ ሾላ ፍለጋ ይበርራሉ። ተርቧ ከሌለች ሾላው ዘር አይኖረውም፣ ሾላው ከሌለም ተርቧ አትተካም። ፍሬው ሲበስል ወፉና ጦጣው፣ ሲመሽም የሌሊት ወፉ ይመገቡታል፣ ዘሩንም ይበትኑታል። በዚህ ሁሉ መካከል አዛዥ አይታይም፣ ውልም የለም፣ ተርቧም ሾላውን አታፈቅረውም። ሥርዓት ግን አለ።

ስሕተታችን እዚህ ላይ ነበር፤ ሥርዓት ካለ በጎ ፈቃድም አለ ብለን ነበር። ጭብሃው ዋንዛውን ያነቀው በክፋት አይደለም፣ የተርቧም ሞት ሰማዕትነት አይደለም። ምግባርን ከዱር ሊያስተምር የሚነሣ ሰባኪ ዱሩ ራሱ ያሳፍረዋል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ፍጥረታት ልዩ ልዩነት ሲመረምር በሌላ መንገድ ይሄዳል፦ የእግዚአብሔርን ቸርነት አንድ ፍጥረት ብቻውን ሊገልጸው ስለማይችል፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላ ብዙዎች ተፈጠሩ ይላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ ትምህርት አንሥተውታል። እንዲህ ከሆነ ጭብሃው ቸር እንዲሆን አይጠበቅበትም። «ልቁረጥ ወይስ ልተው?» ብሎ የሚጠይቀው ከማኅበሩ ሁሉ ሰው ብቻ ነውና ዕዳው የእርሱ ነው።

ማኅበሩ ደግሞ ቆሞ እያለ ሊሞት ይችላል። ብዙዎች «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚያውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት፣ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ከብት መግባቱ ችግኝ እንዳይተካ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ጽዱና ወይራው ለዓይን ግርማ አላቸው፤ ከሥራቸው ግን ወራሽ የለም። በጎረቤታችን በአዊ ገበሬው ለከሰል ብሎ ማሳውን ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ሸፈነ። ገቢው የብዙ ሰው ቤት አቁሟልና ልናቃልለው አንወድም። በኋላ የዝገት በሽታ ሲገባ ግን ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር ከማሳ ማሳ ተዛመተ።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስናልፍ ወንድማማቾቹን ጠየቅናቸው። ሾላው አልተቆረጠም፤ ጠቡም አልበረደም። በዚህ ጊዜ ስለ አካልና ስለ ብልት አንዳች አልተናገርንም። ፊታችንን ወደ ታላቁ መልሰን፣ «ከጥላው ሥር መንደሩ ይሸነግላል፣ አንተም የአባትህን መታሰቢያ ታያለህ፤ በቆሎው የሚቀጭጨው ግን የወንድምህ ነው። ዛፉ የሁላችሁም ከሆነ ጉዳቱ ስለ ምን የአንዱ ብቻ ይሆናል?» አልነው። ብዙ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም ገመድ አስመጣ፤ ጥላው የሚሸፍነውን ወርድ ለካና የዚያን እኩሌታ ከራሱ ማሳ ለታናሹ ተወለት። እኩሌታውን ብቻ ነው፤ ታናሹም በዚህ አሁን ድረስ ቅር ይለዋል።