የሙሴ እናትና የፈርዖን ትምህርት ቤት



የትምህርት ዘመን በተጀመረ ቁጥር፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በየቁምስናው ደጃፍ የምንሰማው ስሞታ አለ። አንዱ አባት የማካካሻ ትምህርት በእሑድ ጠዋት ስለሚሰጥ ልጁ ከቅዳሴም ከትምህርተ ክርስቶስም እንደ ቀረ ይነግረናል። አንዲት እናት መምህሩ በክፍል ውስጥ ሃይማኖት የኋላ ቀር ሰዎች ተረት ነው በማለቱ ልጇ ቤት ገብቶ መስቀሉን ከአንገቱ እንዳወለቀ እያለቀሰች ታወራናለች። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው መምህሩ በትምህርት ሰዓት የራሱን ሃይማኖት እየሰበከ ካቶሊካውያን ልጆችን በጓደኞቻቸው ፊት እንደሚያሳፍር ያማርራል። የሁሉም መደምደሚያ ግን አንድ ነው፤ «ልጆቻችን እግዚአብሔር በማይጠራበት ትምህርት ቤት እየዋሉ እምነታቸውን እንዴት ይጠብቃሉ?»

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት፣ በደርግ ዘመን እግዚአብሔር የለም የሚለው ትምህርት ለተማሪዎች ይሰጥ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ያ ዘመን ቢያልፍም የወላጆች ሥጋት አላለፈም። ስለዚህ ዛሬ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዲት እናት ጠርተን ከእርሷ መልስ እንሻለን።

የዮካብድ ጥቂት ዓመታት

ሕፃኑ ሙሴ በወንዝ ዳር በቄጠማ ሣጥን ውስጥ በተገኘ ጊዜ፣ የፈርዖን ልጅ ለሞግዚትነት የጠራቻት ሴት ሳታውቀው የገዛ እናቱ ነበረች። ዮካብድም ልጇን እንድታጠባ ደመወዝ ተቆረጠላት፤ ልጁም ባደገ ጊዜ ለፈርዖን ልጅ አስረከበችው (ዘጸ. 2፥1-10)። ስንት ዓመት አብሯት እንደ ቆየ መጽሐፉ አይነግረንም። ነገር ግን በመጽሐፈ መቃብያን አንዲት እናት ልጇን ሦስት ዓመት እንዳጠባችው ስለምትናገር (2መቃ. 7፥27)፣ የዮካብድም ዘመን ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም ብለን እናስባለን።

እንግዲህ ልብ እንበል። ዮካብድ ጥቂት ዓመታት ብቻ ተሰጧት። ከዚያ በኋላ ያለው የሙሴ የልጅነትና የወጣትነት ዘመን በሙሉ የፈርዖን ቤተ መንግሥት ነበረ። ቋንቋው፣ ጽሕፈቱ፣ መምህራኑ፣ ጓደኞቹ ሁሉ የግብፅ ነበሩ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ሙሴ የግብፅን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ ሲናገር እንደ ነውር አልቆጠረበትም፤ እንዲያውም በንግግሩና በሥራው ብርቱ እንደ ነበር አክሎ መስክሮለታል (ሐዋ. 7፥22)። ሆኖም ይህ የቤተ መንግሥት ተማሪ ባደገ ጊዜ ወደ ወንድሞቹ ወጣ፤ መከራቸውንም አየ (ዘጸ. 2፥11)። የፈርዖን የልጅ ልጅ መባልንም በእምነት እምቢ አለ (ዕብ. 11፥24)። የእነማን ወገን እንደ ሆነ በቤተ መንግሥት ማን ነገረው? የፈርዖን መምህራን አልነገሩትም። ይህ ከእናቱ ቤት ይዞት የሄደው ስንቅ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ዮካብድ የፈርዖን ትምህርት ቤት ልጇን የእስራኤልን አምላክ እንዲያስተምርላት አልጠበቀችም። የእርሷ ድርሻ የትኛው እንደ ሆነ ታውቅ ነበርና በእጇ ባለው ጊዜ ድርሻዋን ፈጸመች።

አጥሩ ለማን ይጠቅማል?

አንዳንድ ወላጆች መፍትሔው በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት መደበኛ ትምህርት ሆኖ እንዲሰጥ ማድረግ ነው ይሉናል። ቅን ልብ ያለው አሳብ ነው፤ ነገር ግን እስቲ እስከ መጨረሻው እናስበው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ ልጆቻችንን ከእግዚአብሔር የሚለይ አጥር አድርገን እንመለከተዋለን። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አልሞላንም፤ 0.7 በመቶ ነበርን። ነገ በየክፍሉ ሃይማኖት ይሰጥ ቢባል የሚሰጠው የማን ሃይማኖት ይሆናል? በአንድ ክፍል ውስጥ ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሆኑት ልጆቻችን የማንን ጸሎት እንዲደግሙ ይታዘዛሉ? የራሱን እምነት በክፍል ውስጥ የሚሰብክ መምህር ሲያጋጥመን እንደ ጋሻ የምንይዘው ይህንኑ ድንጋጌ አይደለምን? የሚያስከፋን አጥር የሚጠብቀንም አጥር ነው።

ለራሳችን የምንሻውን ፍትሕ ለጎረቤቶቻችንም ልንሻ ይገባናል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃብ ምክንያት ከትምህርት ገበታቸው በተስተጓጎሉ ጊዜ የወላጆቻቸው ኀዘን ከእኛ ኀዘን የተለየ አልነበረም። ልጅን ከእምነቱና ከትምህርቱ አንዱን ምረጥ ማለት በማንም ላይ ቢደርስ ከባድ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ውሳኔ፣ ወላጆች ልጆቻቸው የሚያገኙትን የሃይማኖት ትምህርት እንደ እምነታቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው ሲያስተምር ይህን መብት ለካቶሊካውያን ብቻ አልሰጠም።

ደግሞም ያው ሕገ መንግሥት ያጠረውን ብቻ ሳይሆን የከፈተውንም በር እናስተውል። በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ የማሳደግ መብት እንዳላቸው በግልጽ ተጽፏል። መንግሥት በትምህርት ቤት አላስተምርም ያለውን በቤታችን እንድናስተምር መብታችንን አረጋግጦልናል። ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል፤ በዚህ መብት ምን ሠራንበት?

በደላችንን እንናዘዝ

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እንቀስር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በሰጠው መግለጫ፣ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን፣ ይህም በጎደለ ጊዜ በሌላ መተካቱ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ያስተምራል። ያው መግለጫ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊካዊ ባልሆኑ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆቿ በልዩ ፍቅር ልትቀርባቸው እንደሚገባም ያሳስባል። ለዚህ የምንጠየቀው ካህናትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ጭምር ነን።

ታዲያ ምን አደረግን? ልጆቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዱስ ቁርባን እስኪቀበሉ ድረስ በትጋት እናስተምራቸዋለን፤ ነጭ ልብስ እናለብሳቸዋለን፤ ደግሰን እናበላለን። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹን እንረሳቸዋለን። በትምህርት ቤት ዕውቀታቸው በየዓመቱ ሲያድግ የሃይማኖት ዕውቀታቸው በዚያው በልጅነት መጠን ይቀራል። የሕፃን ልብስ ለጎልማሳ ጠቦት ቢቀደድ ጥፋቱ የጎልማሳው አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥያቄ ይዞ ሲመጣ የምንሰጠው የሁለተኛ ክፍል መልስ ከሆነ፣ ልጁን ያራቀው መምህሩ ብቻ ነው ልንል አንችልም።

አንድ አባት ልጁ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ዝግመተ ለውጥ ተምሮ ግራ ተጋብቶ በጠየቀው ጊዜ፣ «ለፈተና ያህል አጥናው፤ ግን አትመነው» ብሎ እንደ መለሰለት በኩራት ነግሮናል። መልሱ ከቅን ልብ የወጣ ነው። ነገር ግን ልጁ ከዚህ የተማረው፣ ለዕውቀት አንድ አንደበት ለእምነት ሌላ አንደበት መያዝ እንደሚቻል ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አታስተምርም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት፣ የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ከመላ ምት በላይ እንደ ሆነ ሲቀበሉ፣ የሰው ነፍስ ግን በቀጥታ ከእግዚአብሔር የተፈጠረች መሆኗን አጽንተዋል። በዚያው የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አተር ዘሮች ምርምሩ የሚነገርለት ግሬጎር ሜንዴል የቅዱስ አውግስጢኖስ ማኅበር መነኵሴ ነበረ። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሄዱን እ.ኤ.አ. በ1927 በጽሑፍ ያቀረበው ዦርዥ ለሜትርም ካቶሊካዊ ካህን ነበረ። ልጆቻችን ስለ ሜንዴል ተፈትነው ሲያልፉ፣ ቅዳሴ የሚቀድስ ሰው እንደ ነበር የነገራቸው ከመካከላችን ማን ነው?

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማታ ከልጆቻችን ጋር እንቀመጥ። እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆች እንድናስተምር ያዘዘን በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድ ስንሄድ፣ ስንተኛና ስንነሣ ነው (ዘዳ. 6፥7)። ስንት አገኘህ ብለን ስለ ማርክ እንጠይቃለን፤ ዛሬ ምን ሰማህ፣ ምን ከበደህ ብለንም እንጠይቅ። የማናውቀውን ጥያቄ ቢጠይቁን አንቆጣ፤ አብረን ወደ ካህኑ ወይም ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ እንሂድ። ከእራት በፊት አንድ አባታችን ሆይ፣ ከመኝታ በፊት አንድ ምሥጢር የመቁጠሪያ ጸሎት ጊዜ አይፈጅም። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም አያመንቱ። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ ነው (2ጢሞ. 1፥5)።

ሁለተኛ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በቁጣ ሳይሆን በትሕትና እንሂድ። እምነትን የሚያንቋሽሽ ወይም የራሱን የሚሰብክ መምህር ቢኖር፣ አስቀድመን ለብቻው እናነጋግረው፤ ካልሆነም ለርዕሰ መምህሩ እናመልክት። የእሑድ ጠዋት ማካካሻ ትምህርት ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ ከሰዓት በኋላ እንዲዛወር በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል እንጠይቅ። የሌሎች ክርስቲያን ወላጆችም ችግር ነውና ብቻችንን አንሆንም። በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ወንበራችንን ባዶ ትተን በደጅ ማማረር ግን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ቤተሰቦች እርስ በርስ እንደጋገፍ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት መልእክት፣ በትምህርት ቤት ከክርስትና እምነት ጋር የሚጋጭ ነገር ሲሰጥ ቤተሰቦች ከቤተሰቦች ጋር ተባብረው ወጣቶችን በብርታትና በጥበብ እንዲረዱ አሳስበዋል። አንድ የተማረ የክርስትና አባት በሳምንት አንድ ሰዓት የሦስት ቤት ልጆችን ሰብስቦ ቢያወያይ ብዙ ያተርፋል።

አራተኛ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከቁርባን በኋላ ላሉት ልጆች ጉባኤ ክፈቱላቸው። የትምህርት ቤት መጻሕፍታቸውን ተውሳችሁ አንብቡ፤ የሚጠየቁትን ሳታውቁ የሚመለሰውን ልታውቁ አትችሉምና። በመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ካቶሊካውያን መምህራን ሆይ፣ ሕጉ በክፍል ውስጥ ስብከትን ቢከለክላችሁም ምስክርነትን አይከለክላችሁም። ሰዓት ማክበራችሁ፣ በማርክ አለማዳላታችሁ፣ ደካማውን ተማሪ አለመናቃችሁ ያለ ቃል ይሰብካል። በ2015 ዓ.ም. መሰጠት በጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ወደ ዝቅተኛ ክፍሎች ተመልሷል። እውነትን መናገርና ሰውን ማክበር የሁላችን ትምህርት ስለ ሆነ በደስታ ደግፉት። ክርስቶስ ማን እንደ ሆነ የመንገር ዕዳ ግን በእኛ ላይ እንዳለ ይቀራል።

የተወደዳችሁ ወላጆች፤ ማርያምና ዮሴፍ እንኳ ልጃቸውን ሦስት ቀን አጥተው በኀዘን ፈልገዋል። ያገኙትም በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ነው። ከዚያም ወደ ናዝሬት ቤታቸው አብሯቸው ወረደ፤ ይታዘዝላቸውም ነበር፤ በጥበብና በቁመት፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት በሞገስ አደገ (ሉቃ. 2፥46-52)። ልጆቻችሁም ቀኑን በመምህራን መካከል ይዋሉ፤ ይስሙ፤ ይጠይቁ። ማታ የሚመለሱበት ናዝሬት ግን አይጥፋባቸው።

ዮካብድን ያበረታ አምላክ እናንተንም ያበርታችሁ። የእግዚአብሔር አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በረከት በቤታችሁና በልጆቻችሁ ላይ ይደር። አሜን።