«ተነሥና ሩጥ» ማለት ይበቃልን?

መንፈሱ ለከበደው ሰው ከሚሰነዘሩት ምክሮች ሁሉ ቀላሉ «ተነሥና ሩጥ፤ ይለቅሃል» የሚለው ነው። ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሰሚው ግን ከአልጋው እስከ በሩ ያለው መንገድ ከማራቶን ሊረዝምበት ይችላል። የምክሩ እውነትነት አንድ ነገር ነው፤ በምን መንፈስ እንደሚነገር ደግሞ ሌላ። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

እርግጥ ነው፣ ምክሩ መሠረት አለው። የአሜሪካው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 156 የድባቴ ሕሙማንን በሦስት ከፍለው ለ16 ሳምንታት ተከታትለዋል። አንደኛው ክፍል መድኃኒት ወሰደ፤ ሁለተኛው በሳምንት ሦስት ቀን ልብን አጥብቆ የሚያስመታ የእግር ጉዞ ወይም የሶምሶማ ሩጫ አደረገ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣመረ። በፍጻሜው ሦስቱም ክፍሎች በተቀራራቢ መጠን ተሻላቸው፤ ፈጥኖ መሥራት የጀመረው ግን መድኃኒቱ ነበር።

ይሁንና ብርቱ እንቅስቃሴ ደስታውን የሚሰጥበት ሰዓት ልብ ሊባል ይገባል። ንግግር እስኪያቅተውና ትንፋሹ እስኪቆራረጥ የሚሮጥ ሰው በሩጫው መካከል የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ምቾት ሳይሆን ጭንቅ ነው፤ እፎይታው የሚመጣው ከቆመ በኋላ ነው። ጤነኛው ሰው ይህን እፎይታ ቀድሞ ስለቀመሰው ጭንቁን ይታገሣል። ድባቴ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰርቀው ይህንኑ «በኋላ ይሻለኛል» የሚለውን ተስፋ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን አትሮጥም?» ብሎ መውቀስ፣ ገንዘቡን የተዘረፈውን ሰው ለምን ገበያ አትወጣም ብሎ እንደ መገሠጽ ነው።

«ታዲያ ሰው ለራሱ ጤና ኃላፊነት የለበትምን?» የሚል ይኖራል። አለበት። ነገር ግን ፈቃድ ብቻውን ከባዶ የሚፈልቅ ነገር አይደለም። የዱኩ ጥናት ተሳታፊዎች «ሂዱና ሩጡ» ተብለው አልተሰናበቱም፤ በተወሰነ ሰዓት፣ በተቆጣጣሪ ፊት፣ በቡድን ሆነው ይንቀሳቀሱ ነበር። ለመሻላቸው የአብሮነቱም ድርሻ ሊኖርበት እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጠቁመዋል።

ይህ ነገር ለምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች እንግዳ አይደለም። በእንጦጦ ጫካም ሆነ በኬንያዋ ኢተን ቀይ አፈር ላይ፣ ስመ ጥሩም ጀማሪውም ማለዳ ተጠራርተው ይወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን እግር ተከትሎ ዳገቱን ይገፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ብቻውን የማይነሣው ሰው ደጅ ላይ የሚጠብቀው ባልንጀራ ሲኖር ይነሣል።

ስለዚህ የመካሪው ቅንነት የሚለካው በቃሉ ትክክለኛነት ብቻ አይደለም፤ እርሱም ጫማውን ለማጥለቅ ፈቃደኛ በመሆኑ ጭምር ነው። ሕመሙ ለጠናበት ሰው ሐኪምና መድኃኒት አሳፋሪ እንዳልሆኑ መንገርም የዚያው ቅንነት ክፍል ነው። ከሩጫው በፊት አጭር የእግር ጉዞ ሊቀድም ይችላል። «ተነሥ» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ «ነገ ማለዳ እመጣለሁ፤ እስከ መንገዱ ጫፍ አብረን እንሄዳለን፤ ሲደክምህ እንመለሳለን» የሚለው ቃል ለተናጋሪው ይከብዳል። ለሰሚው ግን ይቀልለዋል።