ፌቨን የማን ስም ነው?

ደሴ ፒያሳ ላይ «ፌቨን!» ብሎ የሚጣራ ሰው ማንንም አያስደንቅም። «ሄለን!» ቢልም እንዲሁ። «አንድሮሜዳ!» ያለ ግን አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ያየዋል። ይሁንና ሦስቱም ስሞች በግሪኮች አፈ ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ። የዛሬዋ ፌቨን በጥንቱ አጠራር ፌቤ ናት፤ ፌቤም፣ ባለቅኔው ሄሲዮድ እንደ ቆጠረው፣ የሰማይና የምድር ልጅ፣ የአፖሎና የአርጤምስ አያት ናት። ሄለን የትሮይ ጦርነት የተነሣባት ንግሥት ናት። አንድሮሜዳ ደግሞ የባሕር አውሬ እንዲበላት ከአለት ጋር የታሰረች የንጉሥ ልጅ ስትሆን፣ አባቷን ግሪኮች የኢትዮጵያ ንጉሥ ይሉታል። ለልጁ ከዚህ ተረት ስም ሊያወጣ ያሰበ ወላጅ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ምክር ይገጥመዋል። አንዱ «የጣዖት ስም ነው፣ ተወው» ይለዋል። ሌላው «ምን ችግር አለው፣ አንድሮሜዳ እኮ የእኛው ናት» ይለዋል። መካሪዎቹ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ አንድ እምነት ይጋራሉ፤ የስም ባለቤት መጀመሪያ የተጠራበት ነው ብለው ያስባሉ። እኔ ግን የስም ባለቤቶች ዛሬ የሚሸከመው ሰውና በየቀኑ የሚጠሩት ሰዎች ናቸው እላለሁ።

ማስረጃው ከመጽሐፍ ቅዱስ ይጀምራል። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት 16ኛ ምዕራፍ መግቢያ ላይ በክንክራኦስ የምታገለግለውን ፌቤንን ተቀበሏት ብሎ አደራ ይላል። የዛሬዋ ፌቨን ስሟን ያገኘችው ከዚህች ሴት ነው። ያን ጊዜ የግሪክ አማልክት ገና ተረት አልሆኑም፤ በኤፌሶን የአርጤምስ መቅደስ እንደ ቆመ፣ መሥዋዕቱም እንደ ቀጠለ ነበር። ጳውሎስ ግን የአርጤምስን አያት ስም የያዘችውን ሴት በዚያው ስሟ አመሰገናት። የድሜጥሮስ ነገር ደግሞ ከዚህም ይልቃል። ስሙ የመጣው ከእህል አምላኳ ከዴሜትር ነው። በሐዋርያት ሥራ 19ኛ ምዕራፍ የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ የሚሸጥና ገበያዬ ተዘጋ ብሎ ከተማውን በጳውሎስ ላይ ያስነሣ አንድ ድሜጥሮስ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት የሆነውም ድሜጥሮስ ይባላል፤ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ የሚነገረው በእርሱ ስም ነው። ስም ሰውን የሚመራ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ይዘው ባልተለያዩ ነበር። እሌኒም ያችው ሄለን ናት፤ ለመስከረም 21 በደሴ በኩል አድርጎ ወደ ግሸን የሚወጣ ምእመን መስቀሉን ያስወጣችውን ንግሥት እንጂ ትሮይን አያስብም።

«እነዚያ ስሞች በቅዱሳን በኩል ነጽተው የመጡ ናቸው፤ ከተረቱ በቀጥታ የተወሰደውን ማን ያነጻዋል?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ያነጻው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ የምናገኘው ስሙን የተሸከመውን ሰው ነው። ከክንክራኦሷ ሴት በፊት ቅድስት ፌቤን አልነበረችም። ሃይማኖቶቹም የሚከለክሉት ሥሩን ሳይሆን አምልኮውን ነው። በእስልምና ከአላህ ሌላ ለማንም ባርነትን የሚያውጅ ስም አይፈቀድም፤ ይህ ድንበር ግልጽና የሚከበር ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ የክርስትናውን ስም ራሷ ትሰጣለች፤ የዓለሙን ስም ለወላጅ ትተዋለች።

ስም መቼ እንደሚከብድ ወሎ ያውቃል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባደረጉበት ዘመን የወሎው መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። መሐመድም ሚካኤልም ወሎ ውስጥ የሚወደዱ ስሞች ናቸው፤ በአንድ ዘመድ መካከል ሁለቱንም ማግኘት ብርቅ አይደለም። ያን ጊዜ የከበደው ከስሙ በስተኋላ የቆመው «ክርስትና ተነሡ» የሚል ትእዛዝ ነበር። በአንጻሩ ፒያሳን እንይ። ቃሉን ያመጣው ጣሊያን ነው፤ ደሴም በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ የተደበደበች ከተማ ናት። ዛሬ ግን የታክሲ ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ» እያለ ሲጣራ ማንም ፋሺስትን አያስብም፤ ከተማው ስሙን የራሱ አድርጎታል። በ4ኛው ክፍለ ዘመንም የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ በግዕዙ የማሕረም ልጅ፣ በግሪክኛው የአሬስ ልጅ ተብሏል። አምላኩ አንድ ሆኖ ስሙ ግን የተመረጠው ለአንባቢው ነው።

«የእኛው ናት» የሚለው ኩራት ደግሞ ሩቅ አያስኬድም። ለግሪኮች ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተ ደቡብና ከዚያም ወዲያ ያለ የጥቁር ሕዝብ ምድር ሁሉ ነበር፤ ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ለሁለት ከፍሎ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ዳርቻ ያኖራቸዋል። የአንድሮሜዳን አለት ኢዮጴ ባሕር ዳር ነው ያሉም ነበሩ። ከዚህ ክርክር ይልቅ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይጠቅማል። እናቷ ካሲዮፔያ በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እንበልጣለን ብላ ተመካች። የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን ተቆጥቶ ጎርፍና አውሬ ላከ። ዕዳውን የከፈለችው ግን እናቲቱ አይደለችም። እጇን ታስራ አለቱ ላይ የቆመችው ልጅቱ ናት፤ እናቷ ስትመካ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ልጁን ለኩራት ብቻ አንድሮሜዳ ብሎ የሚሰይም ወላጅ የካሲዮፔያን ሥራ ይደግማል። ታስራ ሳለ ጀግናው ፐርሴዎስ የፈታትን፣ ከእርሱም ጋር ንግሥት ለመሆን የበቃችውን ሴት እያሰበ፣ ይህን ለልጁ ሊነግራት ተዘጋጅቶ የሚሰይማት ግን ሌላ ስጦታ ይሰጣታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ልጅ ስሙን አይመርጥም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ግን የራሳችን ስሞችም ከዚህ አያመልጡም። ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኩ የሚባሉ ልጆች እነሱ ሳይወለዱ የደረሰን የወላጅ ኀዘን ተሸክመው ያድጋሉ። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ ማስረሻ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል፣ ሸክሙንም ያግዛል። በትሮይ ጦርነት ጀግና ስም አኪለስ የተባለ ልጅ ግን ስሙን ለመምህሩም ለጓደኛውም ብቻውን ሲያስረዳ ይኖራል። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው፣ መካድ አይገባም። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር ደግሞ ዋጋው በልጁ አያበቃም። የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ ቦታዎች አሉ፤ ዛሬ በመጀመሪያው የተጻፈው አኪለስ ነገ በሁለተኛው፣ ከዚያም በሦስተኛው ይጻፋል። እንድሪስ አኪለስ፣ ይመር እንድሪስ አኪለስ። አንድሮሜዳም ትምህርት ቤት ስትገባ «ሜዳ» መባሏ አይቀርም፤ ይህን ሳቅ ችላ እንድታልፈው ታሪኩን አስቀድሞ የነገራት ሰው ያስፈልጋታል።

አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ወላጆች ሆይ፣ ቀኖቹን ተጠቀሙባቸው። የመረጣችሁትን ስም ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ከዚያም ለሕፃኑ አያት ተርኩላቸውና ልጁን በዚያ ስም ይጥሩት። አፋቸው ላይ ከተቃና አስመዝግቡት፤ ካልተቃና ሌላ ስም ፈልጉ።