ስለ መርፌና ስለ ፊት ውበት

በመቀሌ ከተማ በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑም ቅጽር በግንባራቸው የመስቀል ንቅሳት ያለባቸው እናቶች ዛሬም ይታያሉ። ይህ ምልክት ቆዳን በመርፌ እየወጉ ጥላሸት በማግባት የሚሠራ ነው። በዘመናችን ደግሞ ሌላ የመርፌ ጥበብ መጥቷል፤ ደቃቅ መርፌዎች ፊትን ይወጋሉ፥ ቆዳውም ቍስሉን ሲጠግን ኮላጅን የተባለውን ማጽኛ እንደገና ያበጃል፤ በዚህም የብጉር ጠባሳ ይቀንሳል።

እንግዲህ ስለ መልክ ሲባል ሥጋን ማቍሰል ይገባልን? ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ንቅሳትን መከልከሉን የሚጠቅስ ሰው፥ ቃሉ ስለ ሙት ኀዘን ገላን ከመቧጨር ጋር አብሮ መጻፉን ያስተውል። ፍርዱ መርፌውን በሚያነሣው አሳብ ላይ ነውና።

ደዌ ፊቱን ያበላሸበት ሰው ፈውስ ቢሻ አይነቀፍም፤ ሐኪምም የሚያቈስለው ሊያድን ነው። ነገር ግን ያልነጻ መርፌ የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን ያስተላልፋል፤ ጠባሳቸው ከልክ በላይ ለሚያብጥባቸውም ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። ጤናን ለውበት አሳልፎ መስጠት የተቀበሉትን አደራ ማጉደል ነው።

በግንባር የተነቀሰ መስቀልም ብቻውን አያጸድቅም፤ ብዙዎች በልጅነታቸው ሳይጠየቁ ተነቅሰዋልና። ሆኖም ጤናማ ፊት ያላት ወጣት ራሷን ከባልንጀራዋ ጋር እያስተያየች ብታዝን፥ ወይም በእናቷ ግንባር ብታፍር፥ ሕመሟ በልብ ነው፤ ወደዚያ የሚደርስ መርፌ የለም።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ ፊታችንን ለመርፌ ከመስጠታችን አስቀድሞ የታመመው ቆዳችን ወይስ ልባችን እንደ ሆነ እንመርምር።